ጠባሳው ወይስ በሽታው? የጠና የሳንባ ቲቢ በሲቲ ስካን

ሳሉ ሁለት ሳምንት ያለፈው ሰው ድሮ ሐኪም ዘንድ ሲሄድ መጀመሪያ የሚታዘዝለት የአክታ ምርመራ ነበር። አሁን በአዲስ አበባም ሆነ በትልልቅ የክልል ከተሞች ሲቲ ስካን ያላቸው የግል የምርመራ ማዕከላት እየበዙ በመምጣታቸው፣ አክታው ሳይታይ፣ አንዳንዴም ራጅ እንኳ ሳይነሳ በቀጥታ ማሽኑ ላይ የሚተኛ ታካሚ አለ። ከዚያ በእንግሊዝኛ የተጻፈ አንድ ገጽ ውጤት ይዞ ይወጣል። በገጹ መጨረሻ ላይ ብዙውን ጊዜ የሚገኘው ሐሳብ «የቲቢ ሊሆን ይችላል፤ ከአክታ ውጤት ጋር ይገናዘብ» የሚል ነው። ታካሚውና ቤተሰቡ የመጀመሪያውን ግማሽ ይሰማሉ፤ ሁለተኛው ግማሽ ይረሳል። የሚያሳዝነው፣ አንዳንድ ጊዜ ሐኪሙም ይረሳዋል።

ሲቲ ስካን የቲቢን ባክቴሪያ አያይም። የሚያየው ባክቴሪያውና የሰውነት መከላከያ ሲፋለሙ ሳንባው ላይ የደረሰውን ጉዳት ነው። ስለዚህ «ሳንባው በጣም ተጎድቷል» የሚል ውጤት ሁለት ፈጽሞ የተለያዩ ነገሮችን ሊናገር ይችላል። አንደኛው አሁን በብዛት እየተራባ ያለ፣ ዛሬውኑ መድኃኒት የሚፈልግ በሽታ ነው። ሌላው ከዓመታት በፊት የዳነ ቲቢ ጥሎት የሄደ ጠባሳ ነው። ሁለቱም በምስል ላይ አስፈሪ ናቸው፤ ጠባሳው እንዲያውም የበለጠ ሊያስፈራ ይችላል። ሁለቱን ማምታታት ብዙ ዋጋ ያስከፍላል፤ አንዱ ታካሚ የማያስፈልገውን መድኃኒት ለወራት ሲውጥ፣ ሌላው «የድሮ ጠባሳ ነው» ተብሎ ቤቱ እየሳለ ቤተሰቡን ይበክላል።

ጉዳዩ የጥቂቶች አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው እ.ኤ.አ. በ2023 በዓለም ላይ 10.8 ሚሊዮን ሰዎች በቲቢ ታመዋል፤ 1.25 ሚሊዮን ሞተዋል። ኢትዮጵያም ድርጅቱ ከፍተኛ የቲቢ ጫና አለባቸው ብሎ ከመዘገባቸው 30 አገሮች አንዷ ናት።

ማሽኑ የሚለካው ምንድን ነው?

ሲቲ ስካን ሰው ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የዋለው እ.ኤ.አ. በ1971 ለንደን ውስጥ ነው። የፈጠራው ባለቤት ጎድፍሬይ ሃውንስፊልድ ሲሆን ዛሬም የምስሉ መለኪያ በስሙ ይጠራል። በዚህ መለኪያ ውሃ 0፣ አየር ደግሞ ከዜሮ በታች 1000 ነው። አየር የሞላው ጤናማ ሳንባ ከዜሮ በታች ከ700 እስከ 900 ባለው ውስጥ ይውላል፤ ጡንቻ ከዜሮ በላይ ከ40 እስከ 60 ገደማ ነው። ካልሲየም የያዘ የድሮ የቲቢ ቁስል ብዙ መቶዎችን ይደርሳል። አየር ሊኖርበት በሚገባው ቦታ መግል፣ ፈሳሽ ወይም ጠባሳ ሲገባ ቁጥሩ ከፍ ይላል፤ ምስሉም ከጥቁር ወደ ግራጫና ነጭ ይሄዳል።

ያው አንድ ቅጂ በኮምፒዩተሩ ላይ ቢያንስ በሁለት ዓይነት ማስተካከያ መታየት አለበት። ለሳንባው መሐሉ ከዜሮ በታች 600፣ ስፋቱ 1500 የሆነ «መስኮት» ይመረጣል፤ ለንፍፊቶች፣ ለልብና ለደም ሥሮች ደግሞ መሐሉ 40፣ ስፋቱ 400 አካባቢ። በፊልም ታትሞ የሚሰጠው ጥቂት ምስል ስለሆነ አንዱ መስኮት ይጎድልና ንፍፊቱ ወይም የካልሲየሙ ክምችት ሳይታይ ይቀራል። ፊልሙን ከመያዝ ሲዲውን መያዝ ይሻላል።

ሲቲ ስካን ከራጅ የሚበልጥበት ዋናው ነገር መደራረብን ማስወገዱ ነው። ራጅ ላይ የሳንባው ጫፍ ከአንገት ሥር ካለው አግድም አጥንት፣ ከመጀመሪያው የጎድን አጥንትና ከትከሻ ጡንቻ ጋር ተደራርቦ ይታያል። በአዋቂ ሰው ቲቢ የሚያዘወትረው ደግሞ በትክክል እዚያ ነው፦ የላይኛው የሳንባ ክፍል ጫፍና ጀርባው፣ እንዲሁም የታችኛው ክፍል የላይኛው ጠርዝ። እዚያ ኦክስጅን ይበዛል፤ የሊምፍ ፈሳሽ ዝውውሩም ደካማ ነው።

ቴክኒኩ ሲበላሽ ግን ውድ ማሽንም አይረዳም። የመጀመሪያው ችግር ማሽኑ ሳንባውን ከፋፍሎ የሚያሳይበት ቁርጥ ውፍረት ነው። ምስሉ በ5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ከተዘጋጀ 2 ሚሊ ሜትር የሆነች ነጠብጣብ ከዙሪያዋ አየር ጋር ተደባልቃ ትጠፋለች። ለቲቢ ከ1 እስከ 1.25 ሚሊ ሜትር ያለው ቁርጥ ያስፈልጋል፤ ብዙ ማሽኖች ይህን መሥራት እየቻሉ ሲዲው ላይ ግን ወፍራሙ ብቻ ተቀድቶ ይሰጣል። ሁለተኛው ችግር ትንፋሽ ነው። በጠና የታመመ ሰው ትንፋሹን መያዝ ያቅተዋል፣ በመሐል ያስለዋል፤ ያን ጊዜ የደም ሥሮቹ ድርብ ሆነው ይታዩና የሌለ በሽታ ያስመስላሉ። ዘመናዊ ማሽን ደረትን ከ10 ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ስለሚጨርስ፣ ከመጀመሩ በፊት ታካሚውን ሁለት ሦስት ጊዜ አስሎ፣ አክታውን አስተፍቶ፣ ትንፋሽ አያያዙን ማለማመድ ይበቃል።

በደም ሥር የሚሰጠው፣ ምስሉን የሚያጎላው ኮንትራስት የሚባል ፈሳሽ ለሁሉም አያስፈልግም። ጉድጓድና ጥቃቅን ነጠብጣብ ያለእሱ በደንብ ይታያሉ። የሚያስፈልገው ንፍፊት ሲጠረጠር፣ የሳንባው ሽፋን ውስጥ መግል ሲያዝ፣ ወይም ታካሚው ደም ሲተፋ ነው፤ ከመሰጠቱ በፊት የኩላሊት ምርመራ ይታያል። የጨረሩ መጠንም መታሰብ አለበት። ተራ የደረት ሲቲ ከ5 እስከ 7 ሚሊ ሲቨርት (የጨረር መጠን መለኪያ) ያደርሳል፤ አንድ የደረት ራጅ ከ0.1 አይበልጥም። በተለይ ልጅን «ለማረጋገጥ» እያሉ ደጋግሞ ማንሳት ልክ አይደለም።

አንድ ብዙ የማይነገር ነገር አለ፦ አክታው ያልታየ ታካሚ የሚተኛበት ክፍል ጠባብ፣ መስኮት የሌለውና በማቀዝቀዣ የሚሠራ ነው። ታካሚው ማስክ ማድረግ አለበት፤ ከተቻለ የቀኑ መጨረሻ ተራ ይሰጠዋል፤ ባለሙያዎቹም ተራ ማስክ ሳይሆን ኤን 95 ያደርጋሉ።

ጉድጓዱ

የጠና የሳንባ ቲቢ ዋናው ምልክት ሐኪሞች ካቪቲ የሚሉት ጉድጓድ ነው። አመጣጡን ካላወቁ ምስሉን ማንበብ አይቻልም። ባክቴሪያው የተከማቸበት ሥጋ መጀመሪያ ይሞታል፤ በምስል ላይ ይህ ጠርዙ ያልጠራ ነጭ እብጠት ሆኖ ይታያል። የሞተው ሥጋ ቆይቶ ይቀልጣል። የቀለጠው ነገር አጠገቡ ያለውን የአየር ቧንቧ በልቶ ሲገባበት ታካሚው በአክታው ይተፋዋል፤ በባዶው ቦታ አየር ይተካል። ነጩ እብጠት መሐሉ ጥቁር፣ ዙሪያው ነጭ ግድግዳ ሆነ ማለት ነው።

ይህ ለባክቴሪያው ትልቅ ድል ነው። ኦክስጅን በገፍ ያገኛል፤ የመከላከያ ሴሎች ደም ሥር በሌለው የሞተ ግድግዳ ውስጥ አልፈው አይደርሱበትም። በአንድ ጉድጓድ ውስጥ ከ10 ሚሊዮን እስከ 1 ቢሊዮን የሚደርሱ ባክቴሪያዎች ሊኖሩ ይችላሉ። ይህ ቁጥር መድኃኒት ለመላመድ ቁልፍ ነው። ከዋናዎቹ የቲቢ መድኃኒቶች አይሶናያዚድን በተፈጥሮው የሚቋቋም ባክቴሪያ ከአንድ ሚሊዮን አንድ ገደማ፣ ሪፋምፒሲንን የሚቋቋም ከመቶ ሚሊዮን አንድ ገደማ ይገኛል። ትልቅ ጉድጓድ ያለው ሰው ሕክምና ሳይጀምርም የሁለቱም ዓይነት ጥቂት ባክቴሪያዎች ይኖሩታል። አራት መድኃኒት በአንድ ላይ የሚሰጠው ለዚህ ነው፤ ሰውየው ሲሻለው አንዱን ትቶ ሌላውን የወሰደ እንደሆነ የሚተርፉት የትኞቹ እንደሆኑ ግልጽ ነው።

ምስሉን የሚያነበው ሐኪም፣ ራዲዮሎጂስቱ፣ ስለ ጉድጓዱ ሊጽፋቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ፦ በየትኛው ጎንና ክፍል እንዳለ፣ ስንት እንደሆነ፣ የትልቁ ስፋት በሳንቲ ሜትር፣ የግድግዳው ውፍረት በሚሊ ሜትር፣ ውስጡ ፈሳሽ ወይም ሌላ ነገር እንዳለ። «ጉድጓድ አለ» ብሎ መተው ከሁለት ወር በኋላ የሚነሳውን ምስል ማወዳደሪያ ያሳጣዋል። ግድግዳው ወፍራምና ወጣ ገባ ከሆነ፣ ዙሪያውም ደብዛዛ ነጭ ካለው፣ በሽታው አሁን እየሠራ መሆኑን ያመለክታል። ሕክምናው ሲሠራ ግድግዳው ይሳሳል፣ ጉድጓዱም ይጠባል። ሆኖም ሙሉ በሙሉ የዳነ ሰው ላይም ስስ ግድግዳ ያለው ባዶ ጉድጓድ ለዕድሜ ልክ ሊቀር ይችላል።

ጉድጓድ ሁሉ ቲቢ አይደለም። የሳንባ ካንሰር፣ በሌላ ባክቴሪያ የመጣ የመግል ቋት፣ ፈንገስ፣ እንዲሁም የቲቢ ዘመድ የሆኑ ሌሎች ማይኮባክቴሪያዎች ጉድጓድ ይሠራሉ። ከቆየ ልምድ የተገኘ አንድ መለኪያ አለ፦ ግድግዳው በወፍራሙ ቦታ 4 ሚሊ ሜትር ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ካንሰር የመሆኑ ዕድል በጣም ትንሽ ነው፤ ከ15 ሚሊ ሜትር ካለፈ ግን ካንሰር በብርቱ ይጠረጠራል። በመሐል ያለው ለሁለቱም ክፍት ነው፤ የጠና ቲቢም ብዙ ጊዜ እዚያው መሐል ነው የሚውለው። ጉድጓዱ ውስጥ የፈሳሽ ደረጃ በአግድም ከታየና ታካሚው ከፍተኛ ትኩሳት ካለው ደግሞ የመግል ቋት መታሰብ አለበት። የስኳር ሕመምተኞች ላይ ቲቢ ከልማዱ ወጣ ይላል፤ የታችኛውን የሳንባ ክፍል ይይዛል፣ በአንድ እብጠት ውስጥም በርካታ ትናንሽ ጉድጓዶች ይከፍታል። «ታች ስለሆነ ኒሞኒያ ነው» እየተባሉ አንቲባዮቲክ በአንቲባዮቲክ ላይ ከሚደራረብባቸው ታካሚዎች ብዙዎቹ እነዚህ ናቸው።

ጉድጓዱ የሚያፈሰው

ጉድጓድ የአየር ቧንቧ ላይ ስለተከፈተ ይዘቱ ወደ ውጭ ብቻ አይሄድም። ታካሚው በተነፈሰና በተኛ ቁጥር ወደ ሌላው የሳንባ ክፍል፣ ወደ ሌላው ጎንም ይፈሳል። እዚያ የመጨረሻዎቹን ቀጫጭን ቧንቧዎች ሲሞላ በስስ ቁርጥ ላይ የሚታየው ምስል ሊያቆጠቁጥ የደረሰ ቅርንጫፍ ይመስላል፦ ቀጭን የተከፋፈለ መስመር፣ በየጫፉ ከ2 እስከ 4 ሚሊ ሜትር የሆነ እንቡጥ። ራዲዮሎጂስቶች ትሪ ኢን በድ ይሉታል። ነጠብጣቦቹ ከሳንባው ጠርዝ ጥቂት ሚሊ ሜትር ራቅ ብለው መቆማቸው መለያቸው ነው፤ ቧንቧው እዚያ ድረስ አይደርስምና።

በሽታው አሁን ንቁ መሆኑን ከሚጠቁሙ ምልክቶች ሁሉ ይህ ከፊት ይሰለፋል። ጠባሳ እንዲህ አይታይም። በሕክምና ከሚጠፉትም አንዱ ስለሆነ ከአምስት ወር ገደማ በኋላ አብዛኛው ይሄዳል። ይሁን እንጂ ብቻውን ቲቢን አያረጋግጥም፤ ምግብ ወደ ሳንባ የሚሄድበት ሰው፣ ተራ የባክቴሪያ ብሮንካይተስ፣ ሌሎች ማይኮባክቴሪያዎችም ያመጡታል። በአንድ ጎን ጫፍ ላይ ወፍራም ግድግዳ ያለው ጉድጓድ፣ በሌላው ጎን ታች ይህ ቅርንጫፍ ካለ ግን ጥርጣሬው ይጠነክራል፤ ከየት ወደየት እንደፈሰሰ ምስሉ ራሱ ያሳያል። ነጠብጣቦቹ እየበዙ ሲሄዱ ይገናኙና አንድን የሳንባ ክፍል እንዳለ ነጭ ያደርጉታል። በዚህ ደረጃ ላይ ያለ ታካሚ ኦክስጅኑ ሊወርድ ስለሚችል ከምስሉ በፊት ጣቱ ላይ የሚደረገው የኦክስጅን መለኪያ መታየት አለበት።

ምስሉ ቀላል፣ በሽታው ከባድ

እዚህ ላይ አብዛኛውን ሰው የሚያሳስት ነገር አለ። ጉድጓድ የሚፈጠረው በባክቴሪያው ብቻ አይደለም፤ የሰውነት መከላከያ በብርቱ ሲዋጋ ሥጋውንም አብሮ ስለሚያቃጥል ጭምር ነው። መከላከያው ከተዳከመ ጉድጓድ የለም፤ ምስሉም ይለዝባል። ኤችአይቪ ያለበትና ሲዲ ፎሩ (የመከላከያ ሴሎቹ ቁጥር) ከ200 በታች የወረደ ታካሚ ራጁ ጤናማ ሊመስል ይችላል፤ ሲቲው ላይ የሚታየው ያበጡ ንፍፊቶች፣ ታች ያለ ትንሽ ነጭ፣ ወይም ጥቂት ፈሳሽ ብቻ ይሆናል። ሞት ግን ከዚህ ሰው ይበልጥ ቅርብ ነው።

ንፍፊቶቹን ለማየት ኮንትራስቱ እዚህ ይጠቅማል። አጭሩ ስፋታቸው ከ1 ሳንቲ ሜትር ያለፈ፣ ዙሪያቸው በኮንትራስት የበራ፣ መሐላቸው የጠቆረ ንፍፊቶች በትልቁ የአየር ቧንቧ ቀኝና ሥር ሲታዩ ቲቢ ቀድሞ ይታሰባል፤ ጥቁሩ መሐል የሞተው ሥጋ ነው። ልጆች ላይም ዋናው ምልክት ይኸው ንፍፊት ነው፤ ቧንቧውን ተጭኖ የሳንባውን ክፍል አየር ያሳጣዋል። የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት ከተጀመረ በኋላ ባሉት ሳምንታት እነዚሁ ንፍፊቶች ድንገት ሊያብጡ ይችላሉ። መከላከያው ነቅቶ መዋጋት በመጀመሩ የሚመጣ ነገር እንጂ ሁልጊዜ የመድኃኒቱ አለመሥራት አይደለም።

ሚሊየሪ የሚባለው ዓይነት ደግሞ በደም የሚሰራጭ ነው። ሁለቱም ሳንባ ከጫፍ እስከ ታች ከ1 እስከ 3 ሚሊ ሜትር በሆኑ፣ መጠናቸው ተመሳሳይ በሆኑ ነጠብጣቦች ይሞላል። ከቀደመው ቅርንጫፍ የሚለየው አቀማመጡ ነው፤ ደም የሚደርስበት ሁሉ ስለሚደርስ የሳንባውን ጠርዝና በክፍሎቹ መሐል ያለውን ሽፋን ጭምር ይነካል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ራጅ ላይ ላይታይ ይችላል፤ የስስ ቁርጥ ሲቲ ጥቅም እዚህ ጎልቶ ይወጣል። ነጠብጣቦቹ ከአየር ቧንቧ ጋር ስላልተገናኙ አክታው ብዙ ጊዜ ነጻ ነው። ስለዚህ አንድ ጊዜ አክታ አይቶ «ቲቢ የለም» ማለት አደገኛ ነው፤ ኤችአይቪ ላለበት ታካሚ የሽንት ኤልኤፍ-ላም ምርመራ ይጨመራል፤ ራስ ምታት ወይም የአእምሮ መዛባት ካለም ባክቴሪያው ወደ አንጎል ሽፋን መድረሱ ወዲያው ይጣራል።

የሳንባው ሽፋን ውስጥ የተቋጠረ ውሃን በተመለከተ ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ አልትራሳውንድ በርካሽ ያየዋል። ሲቲ የሚያስፈልገው ውሃው መግል ሲሆንና ዙሪያውን ወፍራም ቆዳ ሲሠራ፣ በክፍልፋይ ሲከፋፈል ነው። በመርፌ ሳይነካ ፈሳሹ ውስጥ አየር ከታየ የሳንባው ጉድጓድ ወደ ሽፋኑ ተበስቷል ማለት ነው፤ እሱ የቀዶ ሐኪም ጉዳይ ይሆናል።

ደም ሲመጣ

ቲቢ ያለበት ወይም የነበረበት ሰው ብዙ ደም ሲተፋ የሚገድለው የደም ማነስ አይደለም፤ መታፈን ነው። የአዋቂ ሰው የአየር ቧንቧዎች የሚይዙት 150 ሚሊ ሊትር ገደማ፣ ማለትም ከአንድ የሻይ ብርጭቆ ብዙም ያልበለጠ ነው። ከሲቲው ቀድሞ መታወቅ ያለበት የትኛው ጎን እየደማ እንደሆነ ነው፤ የቀድሞ ራጅም ሊጠቁም ይችላል። የሚደማው ጎን ከታች እንዲሆን ታካሚውን በዚያ ጎኑ ማስተኛት ደህነኛው ሳንባ እንዳይሞላ ይከላከላል።

ኮንትራስቱ በደም ቅዳ ቧንቧዎች ውስጥ ባለበት ቅጽበት የሚነሳው ሲቲ የደሙን ምንጭ ይፈልጋል። ከአሥሩ በዘጠኙ ምንጩ ከትልቁ ደም ቅዳ ተነስተው የአየር ቧንቧዎቹን የሚመግቡት ቀጫጭን ሥሮች ናቸው፤ ስፋታቸው ከ2 ሚሊ ሜትር ካለፈ እንደ ሰፉ ይቆጠራል። ሽፋኑ ከተጣበቀ ከጎድን አጥንት መሐልና ከአንገት ሥር የሚመጡ ሌሎች ሥሮችም ይገቡበታል፤ ስለዚህ ምስሉ ከአንገት ሥር እስከ ሆድ የላይኛው ክፍል መሸፈን አለበት። በጉድጓዱ ግድግዳ ላይ የሚያብጥ የራስሙሰን አኒዩሪዝም የሚባል የሳንባ ደም ቅዳ እብጠትም አለ፤ አልፎ አልፎ የሚያጋጥም ቢሆንም እሱን ሳያዩ ሌላውን ሥር መዝጋት ደሙን አያቆመውም።

ሌላው የደም ምንጭ በእኛ አገር ሁኔታ ብዙ ሰው የሚጎዳበት ነው። የዳነ ቲቢ የተወው ባዶ ጉድጓድ ውስጥ አስፐርጂለስ የሚባል ፈንገስ ገብቶ ኳስ ይሠራል። ታካሚው ከዓመታት በኋላ ደም መትፋት ይጀምራል፤ ይከሳል፤ ራጁ ላይ ያው የድሮ ቦታ ነጭ ሆኗል። ውሳኔው «ቲቢው ተመለሰበት» ይሆናል፤ አክታው ነጻ ቢሆንም መድኃኒት እንደገና ይጀመራል፤ ደሙ ግን አይቆምም። ሲቲ ላይ ኳሱ በጉድጓዱ ውስጥ ተቀምጦ ከላዩ የጨረቃ ቅርጽ ያለው አየር ይታያል። ታካሚውን በሆዱ አስተኝቶ ጥቂት ቁርጥ መጨመር ነገሩን ይለየዋል፤ የፈንገስ ኳስ ብዙ ጊዜ ቦታውን ይለውጣል፣ ከግድግዳው የበቀለ ካንሰር ግን አይንቀሳቀስም። አንድ ደቂቃ የማይፈጅ ነገር ነው። ሲደረግ የሚታየው ግን አልፎ አልፎ ነው።

ጠባሳውን መለየት

የረጅም ጊዜ ቲቢ የመጨረሻ መልኩ የፈረሰ ሳንባ ነው። አንደኛው ጎን ይኮማተራል፤ ልብና ትልቁ የአየር ቧንቧ ወደዚያ ጎን ይሳባሉ፤ ድያፍራሙ ከፍ ይላል፤ የሌላው ጎን ሳንባ ደግሞ ተነፍቶ ባዶውን ቦታ ይሞላል። ግራው ከቀኙ በብዛት ይፈርሳል፤ የግራው ዋና የአየር ቧንቧ ረዘምና ጠበብ ያለ ስለሆነ በቀላሉ ይዘጋል። በዚህ ጊዜ ወደ ሳንባ የሚሄደው ትልቁ ደም ቅዳ መለካት አለበት። ከ29 ሚሊ ሜትር ካለፈ ወይም አጠገቡ ካለው የልብ ዋና ደም ቅዳ ከሰፋ፣ የቀኙ የልብ ክፍል ጫና ውስጥ መሆኑ ይጠረጠራል። እግሩ የሚያብጠው፣ ደረጃ ሲወጣ ትንፋሽ የሚያጥረው ለዚህ ከሆነ የልብ አልትራሳውንድና የትንፋሽ መለኪያ እንጂ ሌላ ዙር የቲቢ መድኃኒት አይረዳውም።

ጠባሳ ጠርዙ ጥርት ያለ ነው። ቀጥ ያሉ ክሮች፣ ካልሲየም የያዙ ጠንካራ ነጠብጣቦች፣ በክሮቹ ተስበው የሰፉ ቧንቧዎች፣ የተኮማተረ ክፍል ይታያሉ። ንቁ በሽታ ጠርዙ ደብዛዛ ነው፤ ቅርንጫፍና እንቡጥ፣ ወፍራም ግድግዳ፣ መሐሉ የጠቆረ ንፍፊት አብረውት ይኖራሉ። ችግሩ ሁለቱ በአንድ ሳንባ ውስጥ ጎን ለጎን መኖራቸው ነው፤ በድሮ ጠባሳ አጠገብ አዲስ ቅርንጫፍ ብቅ ያለ እንደሆነ የሚታመነው አዲሱ ነው። የትኛውም ምልክት ግን ከድሮ ምስል ጋር ማወዳደርን አይተካም። ስድስት ወር ወይም ከዚያ በላይ ሳይለወጥ የቆየ ነገር የተረጋጋ ነው ይባላል። ሕክምና ሲጨርሱ የተነሳ አንድ ራጅ ተቀምጦ ቢሆን ኖሮ ከዓመታት በኋላ የሚነሳው ጭቅጭቅ ግማሹ አይኖርም ነበር።

ከምስሉ ወደ ሕክምናው

መድኃኒቱን የሚመርጠው አክታው ነው። በማይክሮስኮፕ ለመታየት በአንድ ሚሊ ሊትር አክታ ውስጥ ከ5,000 እስከ 10,000 ባክቴሪያ መኖር አለበት፤ የባክቴሪያውን ጂን የሚፈልገው ጂን ኤክስፐርት አልትራ የሚባል ምርመራ ግን ከ20 በታችም ሲሆን ያገኘዋል፤ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ሪፋምፒሲን ይሠራ እንደሆነም ይነግራል። ይህን ማንም ሲቲ አይነግርም፤ ሁለቱም ሳንባ በጉድጓድ ተሞልቶ መድኃኒቱ ሁሉ የሚሠራለት ታካሚ አለ፤ አንዲት ትንሽ ጉድጓድ ይዞ መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ያለበትም አለ።

ምስሉ የሚረዳው የሕክምናውን ርዝመት በመወሰን ነው። በአሜሪካና በካናዳ በተካሄደ ትልቅ ጥናት፣ ሲጀመር ጉድጓድ የነበራቸውና በሁለተኛው ወር መጨረሻ የአክታ ካልቸራቸው (ባክቴሪያውን በላቦራቶሪ አሳድጎ የማየት ምርመራ) ገና ባክቴሪያ ያሳየ ታካሚዎች ከመቶው 21 ገደማ በሽታው ተመልሶባቸዋል፤ ሁለቱም ያልነበረባቸው ላይ ግን 2 ገደማ ብቻ። የአሜሪካ መመሪያ እንዲህ ላሉት ታካሚዎች የ6 ወሩን ሕክምና ወደ 9 ወር የሚያራዝመው ከዚህ ተነስቶ ነው። በሌላው ጫፍ፣ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ ከ3 ወር እስከ 16 ዓመት ላሉና በሽታቸው ላልጠና ልጆች የ4 ወር ሕክምናን ይመክራል፤ ካልጠናበት መመዘኛዎች አንዱ ጉድጓድ አለመኖሩ ነው። ለዚህ ራጅ ይበቃል።

በመሐል የሚነሳ ሲቲ ግን ብዙ ጊዜ ከሚያስረዳው የሚያደናግረው ይበልጣል። ምስል ከታካሚው ወደኋላ ይቀራል። በአንደኛውና በሁለተኛው ወር ትኩሳቱ ጠፍቶ፣ ክብደቱ ጨምሮ፣ አክታው ነጻ ሆኖ ሳለ ምስሉ ባለበት ሊሆን፣ አንዳንዴም ሊብስ ይችላል። በምስሉ ብቻ ተደናግጦ መድኃኒት መቀየር ስህተት ነው። ሲቲው እንደገና መነሳት ያለበት አክታው ሳይጸዳ ሲቀር፣ ታካሚው ሲብስበት፣ ደም ሲመጣ፣ ወይም መድኃኒት የተላመደ ቲቢ በአንድ ቦታ ተወስኖ ቀዶ ሕክምና ሲታሰብ ነው።

በጠባሳና በበሽታ መሐል ያለው ጥያቄ በጣም የሚያስጨንቀው ምናልባት ጉዞ ያለበትን ሰው ነው። ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች ለሥራ የሚሄዱ ሰዎች በጤና ምርመራው የደረት ራጅ ይነሳሉ፤ የድሮ ጠባሳ ብዙዎችን ያስቀራል። ይህ ሲያጋጥም ሰዉ ወደ ሲቲ ይሮጣል። ወደ አሜሪካ ለሚሄዱ ስደተኞች ያለው አሠራር ግን ሌላ መንገድ ነው የያዘው፦ 15 ዓመት የሞላው ሁሉ ራጅ ይነሳል፤ ራጁ ቲቢ የሚመስል ነገር ካሳየ ሦስት አክታ በተለያዩ ቀናት ተወስዶ በማይክሮስኮፕ ይታያል፣ ካልቸርም ይደረግበታል። የካልቸሩ ውጤት እስከ 8 ሳምንት ይጠበቃል። «ሲቲው ጠባሳ ነው ብሏል» የሚለው ወረቀት ይህን ጥበቃ አያሳጥረውም፤ ሲቲው ላይ ገንዘብ ከማውጣት በፊት አክታውን በማለዳ በደንብ አስሎ መስጠትና የድሮ የሕክምና ካርድንና ራጅን ፈልጎ ማቅረብ የበለጠ ይጠቅማል።